«ምን ይዘን እንምጣ?» ላለችኝ ተማሪዬ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ቤት ያላችሁ ቡና አፍልታችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ ተራችሁ እስኪደርስ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት፣ አሁን ተመርቃ አዲስ አበባ ሥራ የያዘች ጎበዝ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ለገና ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር 14 ሆነን ወደ ካፋ ልንመጣ ነው። ማንኪራን እናያለን፣ ቦንጋ የቡና ሙዚየሙን እናያለን፣ ከዚያ ቢታ ገነት ሁለት ቀን በጎ ፈቃድ እንሠራለን። ለትምህርት ቤታችን ምን ይዘን እንምጣ?» ትላለች። መጨረሻው ላይ ሦስት የልብ ምልክት አለ።

አነበብኩት፣ አልመለስኩም። «ሲን» አድርጎ ዝም የሚል መምህር ጥሩ ስም እንደማይኖረው አውቃለሁ። ግን መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ አልሆነልኝም። ደግሞም ክረምት በመጣ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እንዲህ ብላችሁ የምትጽፉልኝ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ እዚሁ ገጼ ላይ ልመልስ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ከዚህ በታች የምጽፍላት ልጅ አለች። እሷንም አባቷንም ጠይቄ፣ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። ስም አልጠራም። እናንተም ማን እንደሆነች ያወቃችሁ ካላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ።

ጥር 2015 ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። በሁለት ሚኒባስ የተጓዦች ቡድን መጣ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራ ያላቸው ወጣቶች ናቸው፣ በየወሩ አንድ የአገሪቱን ክፍል ያያሉ፣ በደረሱበት ደግሞ «አንድ በጎ ነገር ሠርተን እንመለስ» ይላሉ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የግድግዳ ቀለምና ሦስት መቶ ችግኝ ጭነው ነው የመጡት። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። ቢታ ድረስ ማን ይመጣል? እንግዳ ቢበዛ ቦንጋ ይደርሳል፣ የባርታን ፏፏቴ ያያል፣ የእግዜር ድልድይ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድና ጭቃውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አስተናጋጅም አስተርጓሚም እኔ ሆንኩ። ዲፕሎማ ይዘህ ሃይስኩል ስታስተምር እንዲህ ያለ ሥራ መቼም አያልፍህም። ግማሾቹ ቀለም ጀመሩ፣ ግማሾቹ ጉድጓድ መቆፈር። ከሰዓት ላይ አንዱ ካሜራ የያዘ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «መምህር፣ በጣም የተቸገረ ተማሪ ካለ አንድ ታሪክ እንፈልጋለን። ለሚቀጥለው ጉዞ ሰው ለማሰባሰብ ይጠቅመናል» አለኝ።

ማንን ላምጣ ብዬ ብዙም አላሰብኩ። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችባት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ትዝ አለችኝ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበረች። በሩን አንኳኩቼ፣ መምህሩን ይቅርታ ጠይቄ፣ እኔው ራሴ አወጣኋት።

ባንዲራው ምሰሶ ሥር አቆሟት። አማርኛ ትችላለች፤ ግን በማታውቃቸው ሰዎች ፊት አፏ አልፈታ ስላላት በካፊኖኖ ለእኔ ትመልሳለች፣ እኔ ለእነሱ እነግራለሁ። እናትሽ አለች? የለችም። አባትሽስ? አባቷ በዚያ ሰሞን ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ነበር። «ጫካ ነው» አለች። እኔም ቃል በቃል «አባቷ ጫካ ነው» አልኳቸው።

እኛ አገር ጫካ ማለት ማር ነው፣ ቡና ነው፣ ኮረሪማ ነው፣ ጥምዝ ነው። ሰው ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይመለሳል፤ ቀፎ ካለው ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ከከተማ የመጣ ሰው ጆሮ ግን «ጫካ ገባ» ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አስተርጓሚ የተደረግሁት ለዚያ ነበር።

የእግሯ ጫማ ፊት ለፊቱ የተቀደደ ፕላስቲክ ነበር። ሌላ ጫማ አላት፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ነው ለጭቃ የምታደርገውን ያደረገችው። አዲስ ቦርሳ አሳቀፏት። «ትንሽ ወደ ታች እይ» አሏት፣ እኔ ተረጎምኩላት፣ ወደ ታች አየች። ፎቶው ተነሳ። እኔ ከካሜራው ውጪ ነበርኩ፣ አንድ እርምጃ ርቄ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፖስቱ ወጣ። እናቷን በሞት የተነጠቀች፣ አባቷ ጫካ ገብቶ የቀረባት፣ ወላጅ አልባ፣ በተቀደደ ጫማ ትምህርት ቤት የምትመላለስ የቢታ ልጅ። ጽሑፉ ረጅም ነበር፣ ኔትወርኩ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶውን አየሁና የእኛን ትምህርት ቤት ግቢ ሳውቀው ደስ ብሎኝ ሳላነበው ላይክ አድርጌ አለፍኩ። በኋላ የመጣልኝ ስክሪን ሹት ላይ ስሜ ከላይ አለ።

አባቷ ያዩት ሚዛን ከሚሠራ የወንድማቸው ልጅ ስልክ ላይ ነው። ልጁ ጽሑፉን አንብቦ ተርጉሞላቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። አልጮኹብኝም። «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ የሞትኩት መቼ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አስረዳለሁ ብዬ ስለ ትርጉም፣ ስለ ጫካ የሚለው ቃል መቀባጠር ጀመርኩ። አስጨርሰውኝ «ያቺን ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ማር እየሸጥኩ ነው ያስተማርኳት። ጫማዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። አሁን አገር ሁሉ አባት የላትም ብሎ ያዝንላታል። ለእኔስ ማን ይዘንልኝ?» አሉና ሄዱ።

ቡድኑን ያስተባበረውን ልጅ ደወልኩለት። ደነገጠ፣ ከልቡ ይቅርታ ጠየቀ፣ በዚያው ቀን አጠፋው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሌሎች ገጾች ወስደውታል። አንዱ እንዲያውም የማን እንደሆነ የማይታወቅ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጨምሮበታል። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «የሙት ልጅ» ይሏት ጀመር። ልጅ መቼም ጨካኝ ነው። ትምህርት አቋረጠች። አባቷ ሂጂ እያሏት፣ እሷ አልሄድም አለች። አምስት ሳምንት። ሦስት እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። በሦስተኛው እሑድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ፦ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ አጠገቤ ነበሩ።»

ተመልሳለች፣ እንዳትጨነቁ። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት፣ ከእኔ የተሻለ ሒሳብ ትሠራለች። እኔ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው የምዞረው።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አስቦበታል። ካምቦዲያ ውስጥ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ቱሪስቶች የአንግኮርን ቤተ መቅደሶች ሊያዩ ይመጣሉ፣ በዚያው «ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንርዳ» ይላሉ። ፈላጊ ሲበዛ ማሳደጊያው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኒሴፍ የተሳተፈበት ጥናት ሲጠና፣ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ። ድሃ ወላጆች ናቸው፤ ልጁ እዚያ ይማራል፣ ይበላል ተብለው የሰጡ። እንግዳው የሚያዝንለት ወላጅ አልባ ሲፈልግ፣ ገበያው ወላጅ አልባ አቀረበለት። ይህን ሳነብ የእኛ ግቢ ባንዲራ ምሰሶ ነው የታየኝ። እኛም በአንድ ከሰዓት አንዲት ወላጅ አልባ ፈጥረናል፣ ፈላጊ ስለመጣ።

ወደ ቀለሙና ወደ ችግኙ ልመለስ፣ እሱም የራሱ ታሪክ አለው።

ቀለሙ የውስጥ ቀለም ነበር፣ የውጭ ግድግዳ ነው የቀቡት። ክረምቱን አልዘለቀም። ይሁን፣ እሱ ቀላል ነው። ደብተሩ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ያላትን ሴትዮ ጎድቷል። ለሁለተኛው ሴሚስተር ብላ በብድር ያመጣችው ደብተር ሳይሸጥ ተቀመጠባት፤ ለልጆቹ በነጻ ታድሏላ። በነጻ ማደል መጥፎ ነው አላልኩም። ከእሷ ገዝተው ቢያድሉ ግን ልጁም ይደርሰዋል፣ እሷም ብድሯን ትከፍላለች። ከአዲስ አበባ ጭኖ መምጣቱስ ቢሆን ነዳጅ አይደለም?

ችግኙን ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። ወደ ካፋ ችግኝ ጭኖ መምጣት ማለት ወደ ጎጃም ጤፍ መላክ ነው። አገሩ እኮ ደን ነው! ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ሰው ያልተከለው ቡና ያለበት ነው። (የጅማ ወዳጆቼ ጮጬ እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ዛሬ አንጣላም።) ማንም የማይነካው መሐል ደን አለው፣ በዙሪያው ቡናና ማር የሚለቀምበት አለው፣ ከዚያ ውጭ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት አለው። ቦንጋ አካባቢ ደግሞ ማኅበረሰቡ ተደራጅቶ ደኑን እየተጠቀመ የሚጠብቅበት አሠራር ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ደን የሚያውቅ ሰው ቢፈልጉ በየቤቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ጥር ላይ ችግኝ ይተከላል ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ ስቀው «ሰኔን ጠብቁ» ይሏቸው ነበር። አልተጠየቁም። እኔም ጥር መሆኑን እያወቅኩ ጉድጓድ አብሬ ቆፈርኩ፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር መስሎኝ። ከሦስት መቶው ስንቱ እንደጸደቀ አትጠይቁኝ።

እና ያን ቀን ቢታ ገነት ከተማ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ልንገራችሁ። ምሳቸውን ከቦንጋ አስቋጥረው ነው የመጡት፣ ውሃም ይዘው ነበር። አዳራቸው ቦንጋ ነው። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ልጅ 22 ስኒ ሸጣለች፣ በ10 ብር። 220 ብር። ሌላ የለም። ለሁለት ሚኒባስ ኪራይና ነዳጅ የወጣውን እናንተ አስሉት። ባዶ የውሃ ፕላስቲኩን ደግሞ ልጆቹ ናቸው ለቅመው ዘይት መያዣ ያደረጉት።

እንዲህ ስል ሰው አይምጣ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ቀጥሎ የምነግራችሁ ለዚህ ነው።

በ2016 ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ብቻቸውን በአውቶቡስና በሞተር መጡ። ጅማ ነው የሚኖሩት። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ሲበተኑ፣ እሳቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆነው ወደዚህ ወደ ካፋ ተልከው ነበር። ማንኪራን ሊያዩ መጥተው «እስኪ ያን አገር ልየው» ብለው ነው ቢታ ድረስ የዘለቁት። በአናጺነት ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሆቴል አልፈለጉም። አንዲት እናት ቤት፣ በቀን 300 ብር ከነቀለቡ፣ ስድስት ቀን ተቀመጡ። ቆጮ በጎመን ሲቀርብላቸው እንባ መጣባቸው አሉ፣ እኔ አላየሁም።

በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤት መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እጄ ሥራ ፈትቷል። እናንተ ልትሠሩት አስባችሁ ያልቻላችሁት ነገር አለ?»

«ምን ልስጣችሁ?» አላሉም። ልዩነቱ ወዲያው አልገባኝም ነበር። አለ እንጂ፣ ዴስክ አለ! ከመጋዘኑ ጀርባ የተከመረ ስንት የተሰበረ ዴስክ አለ፤ ልጆቹ ሦስት ለሁለት ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የከተማችንን አናጺ ጠራንላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ለአናጺው «አለቃው አንተ ነህ፣ አገሩም እንጨቱም ያንተ ነው፣ እኔን አዘኝ» ማለት። እንጨቱ ከዚህ ተገዛ፣ ምስማሩ ከዚያችው ደብተር ከከሰረችው ሴትዮ ሱቅ ተገዛ። የአናጺው የቀን አበል ተከፈለ፤ ግማሹን ሽማግሌው፣ ግማሹን የወላጆች ኮሚቴ። አራት ተማሪዎች አብረው ገቡ። በአራት ቀን 31 ዴስክ ተነሳ። ፎቶ የለውም። አሁን ሳስበው አንድ እንኳን ባነሳ ኖሮ እላለሁ፣ ግን ማንም ትዝ አላለውም።

ዋናው ነገር ከሄዱ በኋላ የሆነው ነው። ከአራቱ ተማሪዎች ሁለቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአናጺው ጋር ይሠራሉ፣ ይከፈላቸዋል። ዴስክ ሲሰበር ከመጋዘን ጀርባ አይጣልም፣ በዚያው ሳምንት ይጠገናል። ያሳረፏቸው እናት ደግሞ ያችን ክፍል ኖራ ቀብተው «እንግዳ ካለ ላክልኝ» ብለውኛል።

አንድ ማታ በረንዳ ላይ ስለ ዘመቻው ጠየቅኳቸው። ብዙ አላወሩም። «ያኔ ልናስተምራቸው ነው የመጣነው። እኔ ግን እንሰትን ከሙዝ መለየት አላውቅም ነበር። ቆጮ እየጋገሩ ያበሉን ሰዎች ፊት ቆመን ስለ እርሻ ንግግር እናደርግ ነበር» አሉና ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። የዘመቻው ታሪክ ብዙ ነው፣ መልካሙም ክፉውም፣ ለሌላ ቀን። ቢያንስ ግን እነዚያ ወጣቶች ከሰው ጋር እያደሩ ወራት ቆይተዋል። ከእነሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት የፒስ ኮር መምህራን የሁለት ዓመት ውል ይዘው ነበር የሚያስተምሩት። አሁን እኛ ሁለቱን ዓመት ወደ ሁለት ቀን አሳጥረን፣ ከሁለቱ ቀን ደግሞ ግማሹን ፎቶ አድርገነዋል።

በውጭው ዓለም አሁን «ሪጀነሬቲቭ ቱሪዝም» የሚሉት ነገር አለ። በአማርኛ ጥሩ ስም አላገኘሁለትም። ቀድሞ ይባል የነበረው «የሄድክበትን አገር አታበላሽ» ነው። ይሄኛው አልፎ ሄዶ «ስትወጣ ከገባህበት ጊዜ የተሻለ ይሁን» ይላል። ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ግን «የተሻለ» የሚለውን ማን ይወስነዋል ነው። ለእኛ የሚሻለው ቀለም ነው ብለው የወሰኑት ሌሎች ነበሩ። ዴስክ ነው ያልነው እኛ ነን።

ፋሮ ደሴቶች የሚባል ሰሜን አትላንቲክ ላይ ያለ ትንሽ አገር አለ። ሕዝቡ 50 ሺህ ገደማ ነው፣ ከሰው በግ ይበዛል (የቦንጋ በግ ግን አይደለም፣ አይደርስበትም)። እ.ኤ.አ. በ2019 ሚያዝያ ላይ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ዋና ዋና የቱሪስት ቦታዎቻቸውን «ለጥገና ዝግ ነው» ብለው ዘጉ። ሊሠራ ለሚመጣ ብቻ ክፍት ነው አሉ። ከየአገሩ 100 በጎ ፈቃደኞች መጡ። ሥራው ምን እንደሆነ የመረጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰው ረግጦ ያበላሸው የእግር መንገድ፣ ምልክት፣ ደረጃ። እንግዳው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ይሠራል፣ አገሬው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል።

ሳነበው ለብቻዬ ሳቅኩ። ይሄ እኮ ደቦ ነው! ደቦ ላይ መቼ ነው እንግዳው ሥራ የሚመርጠው? የማሳው ባለቤት «ከዚህ ጀምሩ» ይላል፣ ትጀምራለህ። ያረባውን ያበላሃል፣ ትበላለህ። ነገ ደግሞ እሱ ያንተ ማሳ ላይ ይመጣል። ደቦ የሄደ ሰው «ረዳሁት» ብሎ አያወራም፤ ነገ የእሱ ተራ ስለሆነ ያፍራል። ወሎ መቄት ውስጥም ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ፤ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ሰላሙን ይመልስላቸውና፣ አንድ ቀን ሄጄ ማየት የምፈልገው እሱን ነው።

ሌሎችን ብቻ እንዳልወቅስ ደግሞ አንዱን የራሳችንን ልጨምር። ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር በክረምት በጎ ፈቃድ የአንዲት አዛውንት ቤት አደስን። ጣሪያ ቀየርን፣ ግድግዳ መረግን፣ አሸብርቀን አስረከብን። ከወር በኋላ ሳልፍ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ጭሱ ነው። አሮጌው ጣሪያ ጭስ ያሳልፍ ነበር፤ እኛ ጥርቅም አድርገን ዘግተንባቸዋል። «ለምን አልነገሩንም እማማ?» ስላቸው፣ «ልጆቼ፣ ደስ ብሏችሁ ስትሠሩ እንዴት ብዬ ላስቀይማችሁ?» አሉኝ። እኔም ጥር ላይ ጉድጓድ የቆፈርኩት በዚሁ ምክንያት አይደል? የተረዳ ሰው እውነቱን አይነግርህም። ቀድመህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ደጋግመህ ካልጠየቅከው በስተቀር። (መስኮት አውጥተንላቸዋል አሁን።)

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይኸውልሽ።

ኑ። 14 ግን ብዙ ነው፤ ለሁለት ተከፍላችሁ ኑ፣ ግማሻችሁ ለገና፣ ግማሻችሁ ለፋሲካ። ሁለት ቀን አይበቃም፤ ቦንጋ ያሰባችሁትን አንድ ቀን ቀንሳችሁ ሦስት አድርጉት። ደብተር አትጫኑ፣ ገንዘቡን ይዛችሁ ኑና ሱቁን አሳይሻለሁ። ከመካከላችሁ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ካለ ለብቻው ጻፊልኝ። የላይብረሪው መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሠሪው ግን ብቻውን አይሠራም፣ የእኛ ልጆች አብረው ያያሉ። የሚያውቅ ከሌለም ችግር የለም፤ ቀድሜ አናግሬያቸው ምንጩ ጋ የሚወስደው መንገድ ላይ ደቦ አለ፣ ድንጋይ መሸከም ማንም ይችላል። ደን ውስጥ ስትገቡ መንገድ መሪ ትይዛላችሁ፣ ትከፍሉታላችሁ፣ «የአገሬ ልጅ ነኝ» ብለሽ እንዳትከራከሪው። ምሳ እዚሁ ትበላላችሁ። ከምሳው በኋላ ቡኖ አለ፤ እሱ በነጻ ነው፣ በእኔ።

ፎቶን በሚመለከት፦ ፓላው የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ቃል ኪዳን ታትምበታለች፤ አገራችሁን አላበላሽም ብሎ ለፓላው ልጆች ቃል ገብቶ ይፈርማል። ቢታ ማኅተም የለንም። ግን ደኑን፣ ፏፏቴውን፣ እኔን እንደልባችሁ አንሱ። ተማሪ አታነሱም። ያዘነ ፊት የሚፈልግ ካለ ከእናንተ ጋር አይምጣ።

ማደሪያን በተመለከተ ሦስት ቤት አግኝቻለሁ፣ አራተኛው ቀርቶኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ወደ ልጅቷ አባት ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ደኑ ጠርዝ ላይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማራቸውም የታወቀ ነው። ሁለት እንግዳ ያሳድሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከሚኒባስ የሚወርዱ ከተሜዎች ናቸው አልኩ፣ አልደበቅኩም። ልጅቷ እሳት ዳር ሆና ትሰማናለች። እሳቸው ብዙ ዝም አሉ። ቡናው ሁለተኛ ደረሰ።

«ይምጡ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሲደርሱ መጀመሪያ እኔን ፎቶ ያንሱኝ። ከእሷ ጋር። በሕይወት መኖሬ ይታወቅ።»

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ስለዚህ ልጄ፣ ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪኝ። ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ይዘሽ ነይ። ፎቶውን ደግሞ ቦንጋ ላይ አሳጥባችሁ በወረቀት ነው የምትሰጧቸው፤ ፌስቡክ ላይ ይውጣ አይውጣ እሳቸው ይወስኑ።